የጠፋው የብረት ስባሪ

ብዙም ባልራቀ ጊዜ፣ አንዲት የገበያ ከተማ የጨረር አደጋ ኮሚቴ ነበራት። ኮሚቴው ማኅተም አለው፣ ዕቅድ አለው፤ አደጋ ብቻ አላየም። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ አሮጌ ብረት እየዞረ የሚገዛው ሸምሱ እጁ ተላልጦ፣ እያስመለሰው ጤና ጣቢያ ገባ። ከተዘጋ ሆስፒታል የወጣ ከባድ ብረት ገዝቶ ገበያው መሃል ፈልጦት ኖሯል። ሐኪሟ የጨረር ጉዳት መሆኑ ገባትና ሦስቱን የኮሚቴ አባላት ጠራች።

የንብረት ክፍሏ እቴነሽ ጨረር መለኪያውን ልታመጣ ሮጠች። ዕቃ ያለ ሞዴል ሃያ ሁለት የወጪ ቅጽ፣ ያለ ኃላፊው ፊርማ አይወጣም፤ ኃላፊው ደግሞ ስብሰባ ናቸው። «ካባረሩኝም ያባርሩኝ!» ብላ መጋዘኑን ከፈተች። መሣሪያው ግን ከነፕላስቲኩ ነበር። ለቆጠራ አዲስ ሆኖ እንዲቀርብ ብላ፣ አራት ዓመት ሙሉ ባትሪ እንኳን አላስገባችበትም። ባትሪ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ስትዞር አንድ ሰዓት አለፈ።

ሁለተኛው አባል፣ የፖሊስ ኢንስፔክተር ጉደታ፣ መለኪያውን አልጠበቀም። ጨረር ነው ቢል ሰዉ ሊያይ ይጎርፋል፤ የእኛ ሰው መቼም ጉድ ማየት ይወዳል። «ፈንጂ! ፈንጂ ነው!» ብሎ ጮኸ። ገበያው በአምስት ደቂቃ ባዶ ሆነ፤ ስንቱ ተረፈ። በግርግሩ ግን ዶሮ ሊሸጡ የመጡ አዛውንት ተረግጠው ሞቱ። ብረቱን የነካኩትም ሳይታጠቡ ቤታቸው ገቡ።

ሦስተኛው አባል፣ የፊዚክስ መምህሩ ኩምሳ፣ ባትሪው ሲገኝ ጨረሩን ለክቶ ገበያው ላይ የቀሩትን ስባሪዎች በአሸዋ አስሸፈነ። ከዚያ ቤት ለቤት ዞረ። «እናቴ፣ ፈንጂ አልነበረም። የማይታይ ጨረር ነው፤ የነካ ካለ ታጥቦ ይታከም» ይላል። ስላመኑት፣ ብረቱን የነካኩ አሥራ አንድ ሰዎች ወጥተው ታከሙ። አሥራ ሁለተኛው፣ ቀጥቃጩ ወልዴ፣ እውነቱን ሲሰማ ደንግጦ ከገበያው ይዞት የገባውን አንድ ስባሪ እንደያዘ፣ ሕፃን ልጁን አዝሎ ጠፋ።

ዛሬ ከጎረቤት ወረዳ ተደወለ፤ ወልዴ እዚያ ገበያ ውስጥ ታይቷል። ያ ገበያ የዚህኛውን ሦስት እጥፍ ነው። ከበላይ የመጣው ትእዛዝ፣ «አንድ ሰው ይዘዝ፣ ሌሎቹ ይታዘዙ» ይላል።

«ተሳስቻለሁ፤ ሁለተኛ ግን አልሳሳትም» አለች እቴነሽ።

«አዛውንቱ ከዓይኔ አልጠፉም» አለ ጉደታ። «ቢሆንም ደግሜ እጮኻለሁ።»

«የዋሸናቸው ሰዎች ነገ አይሰሙንም» አለ ኩምሳ።

መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ሕፃኗ አሁንም አባቷ ጀርባ ላይ ናት። እስቲ ፍረዱ፤ ከሦስቱ ማን ይዘዝ?