የበቅሎዋ ገመድ

አንድ መንደር ሰፊ የጋራ መስክ ነበረው። ደንቡ አንድ ብቻ ነበር፤ «ገመዱ ልክ ያለው ከብቱን ይሰር።»

ከመስኩ ዳር የይመኙሻል ሽምብራ ነበር። ይመኙሻል ባሏ የሞተባት ናት፤ የዓመት ቀለቧ ያ ሽምብራ ነው። ከአጠገቡ ሸጋው የሚባል ገበሬ በቅሎውን አሰረ። በየማለዳውም በገመዱ ላይ አንድ ስንዝር ይቀጥላል።

አንድ ማለዳ ጉም መስኩን ሸፈነው። በቅሎዋ በጉሙ ውስጥ እንደ ሕልም ትንሳፈፋለች። ገመዱ ከችካሉ ይነሣል፤ መጨረሻው አይታይም። ይመኙሻል ቆማ አየች። ጉሙ ሲገለጥ የበቅሎዋ አፍ ከሽምብራው የመጀመሪያ ትልም ላይ ነበር።

መስኩን ወደሚዳኙት ሽማግሌ ሄደች። ሸጋውም ተጠራ።

«ገመዴ ልክ አለው፣ አባቴ። ይኸው ጫፉ» አለ።

«የዛሬው ነው። የነገውስ?» አሉ ሽማግሌው።

«ነገም ልክ ይኖረዋል።»

«አዎን! ስንዝር በስንዝር እስከ ምድጃዬ ድረስ» አለች ይመኙሻል።

ሽማግሌው ሁለቱን ይዘው ወደ መስኩ ሄዱ። እዚያም ከሽምብራው በመለስ ድንጋይ ተከሉ።

«በቅሎዬ በየትኛውም ቀን ይህን አታልፍም ብለህ ማል።»

«እንግዲያ መቀጠሉን ልተው?»

«ማን ከለከለህ? በየቀኑ እስከ ድንጋዩ ከቀረው ርቀት እኩሌታውን ቀጥል። ዕድሜህን ሙሉ ትቀጥላለህ፤ አታልፍም።»

ሸጋው ድንጋዩን ብዙ አየው። «ከእኔ ይልቅ ለበቅሎዬ ቶሎ ይገባታል» አለ። ከዚያም ማለ።

ደንቡም ተለወጠ፤ «ገመዱ በቀኖች ሁሉ የማያልፈውን አንድ ድንጋይ አስቀድሞ የተከለ ይግባ።» የአንዱ ድንጋይ ቅርብ ነው፤ የሌላው ሩቅ። ያንን ማንም አልጠየቀም። መስኩ ሁሉንም ቻለ።

ሽምብራው ሲያሸት ይመኙሻል አንድ እፍኝ እሸት ከድንጋዩ ማዶ አኖረች። በቅሎዋ አንገቷን ዘረጋች። አልደረሰችም። ሸጋው እየሳቀ አቀበላት።

ቁጥር የተማሩ ልጆች «ወሰን ያለው ተከታታይ ቁጥር» የሚሉት ይህንኑ ነው። ለየቀኑ ልክ ሁልጊዜ ይገኛል። ወሰን ግን ለቀኖች ሁሉ አንድ ነው። ማደግ ወሰን ማለፍ አይደለም፤ ወሰኑን እያነሡ መሄድ ግን ወሰን ማጣት ነው።

እናንተስ በየቀኑ የምትቀጥሉት ስንዝር ምንድን ነው? ድንጋዩ ተተክሏል?