አህያና ከሠርግ የተረፈው ወይን ጠጅ

አንድ ጊዜ በወንዝ ዳር ባለ ደን ውስጥ አንበሳ ልጁን ድሮ፣ ለሠርጉ ሁለት ገንቦ ቀይ ወይን ጠጅ አስከፈተ። እንግዶቹ ጠጥተውና ጨፍረው ሲበተኑ በሁለቱም ገንቦ ግማሽ ግማሹ ተረፈ። በስድስተኛው ቀን ደግሞ ዝሆኖች ለእርቅ ይመጣሉ። በአንዲት ምንጭ የተነሳ ከአንበሶች ጋር ሦስት በጋ ሙሉ ሲጣሉ ኖረዋል፤ በዚያ ጠብ መካከል ስንት ግልገል በውሃ ጥም አልቋል። የዝሆኖቹ ሽማግሌ ቀይ ወይን ጠጅ ይወዳል፤ በደኑ ውስጥ ግን ከዚያ ከተረፈው በቀር አንድ ጠብታ አልነበረም።

«ይህን እስከ እርቁ ቀን ማን ይጠብቅልኛል?» ሲል አንበሳ ጠየቀ።

«እኔ አለሁ ጌታዬ» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ።

ከኋላ ቆማ የነበረችው አህያም «እኔም ልሞክር ጌታዬ» አለች በቀስታ።

አውሬው ሁሉ ሳቀ። አህያ ጆሮዋን ጣለች። ቢሆንም ወደ ደኑ ከመምጣቷ በፊት ለአንድ ወይን ጠማቂ አሥር ዓመት ጭነት ተሸክማለች፤ ሰውዬው ሲሠራ በር ላይ ቆማ ታየው ነበር፤ ያየችውንም አልረሳችም።

«አንዱን ገንቦ ለእኔ፣ አንዱን ለእሷ ይስጡን» አለ ጅብ። «የእሷ ከተበላሸ እሷን ልብላት።»

«የአንተስ ከተበላሸ?» አለው አንበሳ።

ጅብ ይህን አላሰበበትም። «የእኔማ አይበላሽም።»

«ከተበላሸ ደኑን ለቀህ ትሄዳለህ» ብሎ አንበሳ ፈረደ። አህያም ቃሏን አላጠፈችም።

ውላ ሳታድር ሥራዋን ጀመረች። የተከፈተ ወይን ጠጅ ጠላቱ አየር እንደሆነ ታውቃለች። መንገደኛ ነጋዴዎች ወንዙ ዳር የጣሏቸውን ትናንሽ ጠርሙሶች ለቃቅማ አጠበችና ወይኑን እስከ አንገታቸው ድረስ ሞላችባቸው። ሰባቱ ሞሉ፤ ስምንተኛው ግን ግማሽ ላይ ቀረ። ጥቂት አሰበች። ከዚያ ከወንዙ ለስላሳ ጠጠር ለቅማ ሦስት ጊዜ አጠበችና አንድ በአንድ ወደ ጠርሙሱ ጨመረች። ወይኑ ከፍ ከፍ እያለ አንገቱ ጋ ደረሰ። ሁሉንም በቡሽ ከደነች፣ በሰም አሸገች፣ ፀሐይ በማይገባበት ቀዝቃዛ ዋሻ ውስጥም ደረደረቻቸው።

ጅብ ግን ገንቦውን አፉ እንደተከፈተ ፀሐይ ላይ አስቀመጠው። «ትንሽ አየር ያግኝ» እያለ ጠዋት ጠዋት ተበላሽቶ እንደሆነ ለማየት አንድ ጉንጭ ይጎነጫል፤ አንዱ ጉንጭም ሁለትና ሦስት ይሆናል።

በአራተኛው ቀን ቀበሮ ወደ ዋሻው መጣ። ጅብ ከአህያዋ አንድ ታፋ ሊሰጠው ቃል ገብቶለት ነበር።

«እህቴ፣ ለአንቺ አስቤ ነው የመጣሁት» አለ። «አንዱን ከፍተሽ ብትቀምሺው አይሻልም? ተበላሽቶ ከሆነ ሳይነጋብሽ ታመልጫለሽ።»

አህያም ማወቅ ፈልጋ ነበር። አፏን ወደ ቡሹ አስጠጋችና ቆም አለች።

«ከከፈትኩት አየር ይገባል» አለች። «የጠበቅኩትም በከንቱ ይቀራል። በል ሂድ ወንድሜ።»

«ጠጠር መጨመርሽን ሲሰሙ ይስቁብሻል» አለ ቀበሮ ስምንተኛውን ጠርሙስ እያየ።

«ይሳቁ። ሲጨርሱ ይጠጣሉ።»

በስድስተኛው ቀን ዝሆኖቹ ምድሩን እያንቀጠቀጡ ደረሱ። መጀመሪያ የጅብ ገንቦ ቀረበ። ሽማግሌው ዝሆን በኩምቢው ቀምሶ ወዲያው ተፋው።

«ይህ ኮምጣጤ ነው። ለእርቅ ጠርታችሁ ታላግጡብናላችሁ?»

ወጣት ዝሆኖች መሬቱን ይደበድቡ ጀመር። አንበሶቹም ተነሱ። በዚህ መካከል አህያ ጠርሙሶቹን በጀርባዋ ይዛ በሁለቱ ወገን መሃል ገባች።

«አባቴ፣ ይህንንም ይቅመሱልኝ» አለች።

ቡሹ ሲነቀል የወይኑ ሽታ አካባቢውን አወደው። ሽማግሌው ጠጣና ዓይኑን ጨፈነ።

«ሠርጉ መቼ ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«ስድስት ቀኑ ነው» አለች አህያ።

«ለእኔ ዛሬ የተከፈተ ነው የሚመስለኝ» ብሎ ጠርሙሱን ለአንበሳ አቀበለው።

ከአንድ ጠርሙስ ጠጡ። ስምንቱም ባዶ ሳይሆኑ ጠዋት ዝሆኖች፣ ከሰዓት በኋላ አንበሶች ከምንጩ እንዲጠጡ ተስማሙ። ጅብ ሊሾልክ ሲል አንበሳ አየውና «ፍርዱን ሰምተሃል» አለው፤ ጅብም ጭራውን ሸጉጦ ደኑን ለቆ ወጣ። ቀበሮ ግን አህያዋ አጠገብ ቆሞ፣ ዋሻውን አብሯት እንደጠበቀ ለመጣ ለሄደው ያወራ ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ የቤቴ መጠጥ ሁሉ በአንቺ እጅ ነው» አላት አንበሳ። ሽማግሌው ዝሆንም በኩምቢው ብድግ አድርጎ ጀርባው ላይ አስቀመጣትና ምንጩን ዞረ። ዝሆኖቹም አንበሶቹም እየዘመሩ ተከተሏት፤ ግልገሎቹም ፊት ፊት እየሮጡ ውሃው ውስጥ ገቡ።

ከዚህ የምንማረው፣ የተረፈንን ትንሽ ነገር በእውቀትና በትዕግሥት ከጠበቅነው ለትልቅ ቀን እንደሚበቃ ነው።