ኮት የለበሰው ዘንግ

አንድ ልብስ ሰፊ ሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ገዝሙ ነው። እጁ የተባረከ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሰው የሚወደው ሰው ነበር። አንድ አመል ብቻ ነበረበት፤ ጨዋታው ሲሞቅ የማይችለውን ነገር ቃል ይገባል።

ሴት ልጁ በታጨች ሰሞን የእጮኛዋ አባት አቶ ሹሜ ሊጠይቁት ከደጋ ወረዱ። ምሳ ቀርቦ ሲበላ ዓሣው ከገበያ የተገዛ መሆኑን ሰሙና ሳቁ።

«ሐይቁ ደጃችሁ ድረስ መጥቶላችሁ ዓሣ በገንዘብ ትገዛላችሁ?»

ገዝሙን ሞቀው። «ምን ማለትዎ ነው! ለቅልቅሉ ቤተሰብዎን ይዘው ሲመጡ የምትበሉትን ዓሣ እኔው ራሴ ነኝ የማወጣው!»

ሚስቱ አስካለ ከጓዳ ሆና ይህን ስትሰማ ራሷን ያዘች። ባሏ በልጅነቱ በክር ካወጣት ጣት ከምታህል ዓሣ በቀር በዕድሜው ያጠመደው ነገር የለም።

ቃል ግን ከአፍ ወጥቷል። ገዝሙ ዓሣ አጥማጆቹን ጠየቀ። ትልልቆቹ ዓሦች ከወደቡ ማዶ ባሉት ጥቋቁር ድንጋዮች ስር እንደሚውሉ ነገሩት። የሚያዙትም የእርሳስ ብረት ክብደት ባለው መንጠቆ ላይ በሚሰካ ለስላሳ የጎማ ትል ነው። ትሉ በድንጋዮቹ መካከል ቀስ እያለ ሲዘል፣ ዓሣው ሕይወት ያለው ይመስለውና ይነክሳል። ለዚህ ደግሞ ደህና የማጥመጃ ዘንግ ያስፈልጋል።

ገዝሙ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ወደምትሸጠው ወደ ወይዘሮ ዘምዘም ሱቅ ሄደ። ሴትየዋ የት እንደሚያጠምድና በምን እንደሚያጠምድ ጠይቃው ሦስት ዘንጎች አወጣችለት።

«ይሄ ርካሹ ነው» አለች። «አይሰበርም፣ ግን ጫፉ ደንዳና ነው። ዓሣው ትሉን ቢነካው እጅዎ ላይ አይሰማዎትም። ይሄ መካከለኛው ጫፉ ስስ ነው፣ ትንሿን ንክሻ ይነግርዎታል። ወገቡ ደግሞ ጠንካራ ስለሆነ ዓሣውን ከድንጋይ ስር ጎትቶ ያወጣል። እኔን ከጠየቁኝ የእርስዎ ይሄ ነው።»

«ያኛውስ?»

«እሱ ውዱ ነው። ከመካከለኛው ትንሽ ይቀላል፣ በጣም ያምራል። ግን ለድንጋይ መሐል አልመክርዎትም።»

ገዝሙ ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማም። ውዱ ዘንግ እንደ መስተዋት ያበራል፣ እጀታው ላይ ወርቃማ ቀለበት አለው። አቶ ሹሜ አይተውት ዓይናቸው ሲፈጥ ታየው። ለአዲስ የስፌት መኪና ያስቀመጠውን ገንዘብ አውጥቶ ውዱን ገዛ።

«እንግዲህ ካልተስማማዎት ሳይቧጨር ይመልሱት» አለች ወይዘሮ ዘምዘም።

በማግስቱ ጠዋት ገዝሙ ሐይቁ ዳር ደረሰ። ወደ ድንጋዮቹ ሊወጣ አንድ እግሩን አነሳና ዘንጉን አየው። መልሶ እግሩን አወረደ። ወደ አሸዋው ሄዶ ከዚያ ወረወረ።

«ጋሼ! ዓሣው እኮ እዚህ ነው!» ብለው አጥማጆቹ ከድንጋዩ ላይ ጮሁለት።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ! እዚህ ይሻለኛል!»

እንዲህ እያለ ቀናቱ አለፉ። ገዝሙ ዘንጉን በለስላሳ ጨርቅ ይወለውላል፣ ሰው ሲጠጋው ይሸሻል፣ ሣር ላይ እንኳ ካላነጠፈለት አያስቀምጠውም። ዓሣ ግን የለም። የአማቾቹ መምጫ ሲቃረብ አንድ ጠዋት ድንገት ዝናብ ወረደ። ገዝሙ ኮቱን አወለቀና ዘንጉን ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎት ወደ ቤቱ ሮጠ።

አስካለ በሩን ከፍታ አየችው። ሸሚዙ ገላው ላይ ተጣብቋል፣ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ዘንጉ ግን አንዲት ጠብታ አልነካውም።

«አንተ ሰውዬ» አለች ሳቋ እያመለጣት፣ «ዓሣ ልታጠምድ ነው የምትሄደው ወይስ ዘንግ ልትጠብቅ?»

ገዝሙ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ከዚያ ኮት የለበሰውን ዘንግ አየ፣ ራሱን አየ፣ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ሁለቱም በር ላይ ቆመው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ዝናቡ ሲያባራ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ወይዘሮ ዘምዘም ዘንጉን አገላብጣ አየችው።

«አንድ ጭረት የለውም! ለመሆኑ አጥምደውበታል?»

«የለም» አለ ገዝሙ፣ «ሎሌው ሆኜ ነው የሰነበትኩት።»

መካከለኛውን ዘንግ ወሰደ። የተረፈውን ገንዘብም ወደ ቦታው መለሰ። በማግስቱ በቀጥታ ድንጋዮቹ ላይ ወጣ። ገና ሲወረውር ዘንጉ ከቋጥኝ ጋር ተጋጨ። ገዝሙ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ግን ትከሻው ቀለል አለው። መቧጨሩ እንደሆነ ተቧጭሯል። ትሉን በድንጋዮቹ መካከል ለቀቀው፣ ቀስ እያለ አዘለለው። ድንገት ጣቱ ላይ ቁንጥጥ የሚያደርግ ነገር ተሰማው። ሳበ። ዓሣው ወደ ድንጋዩ ስር ሊገባ ታገለ፣ ዘንጉ ጎበጠ፣ ግን አልለቀቀም። የክንድ ርዝመት ያለው ዓሣ ውኃውን እየደበደበ ወጣ። አጥማጆቹ እልል አሉ። በሚቀጥሉት ቀናትም ለድግሱ የሚበቃ ዓሣ አወጣ።

አማቾች መጡ፤ የዓሣ ጉላሹም ለብለቡም ቀረበ። አቶ ሹሜ ጣታቸውን ላሱ። ከምሳ በኋላ «እስቲ እኔም ልሞክር» አሉ። ገዝሙ ድንጋዮቹ ድረስ ይዟቸው ሄደና አንዴም ሳያመነታ ዘንጉን ሰጣቸው። አቶ ሹሜ ገና ሲወረውሩ ድንጋይ ላይ ቋ አደረጉት።

«ውይ! ቧጨርኩብዎት!»

«ግድ የለም፣ ይልቅ ቀስ አድርገው ያዝልሉት!» አለ ገዝሙ እየሳቀ።

ሁለቱ አባቶች ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ አንዱ ሲወረውር ሌላው እየጮኸ፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ከሐይቁ አልወጡም። አቶ ሹሜ ምንም አልያዙም። ግን እንደዚያ ቀን ተደስተው እንደማያውቁ ለሰው ሁሉ አወሩ።

እጅግ ርካሽ ዕቃ ሥራው እጃችን ላይ እንዳይሰማን ያደርጋል፤ ከአቅማችንና ከሥራችን በላይ የሆነ ዕቃ ደግሞ እጃችንን ያስፈራል። ለሰው ዓይን ብለን የገዛነው ነገር መጨረሻው እኛን የራሱ ጠባቂ ማድረግ ነው። ለሥራችን የሚስማማውን ስንመርጥ ግን ሳንሰስት እንጠቀምበታለን፣ ለሌላም እናውሰዋለን።

እስቲ ቤትዎን ዞር ዞር ብለው ይመልከቱ። ላስቲኩ ሳይላጥ ዓመታት ያለፉት ሶፋ፣ ለማን እንደተቀመጠ የማይታወቅ ልብስ ይኖር ይሆናል። ከዕቃዎችዎ የትኛው ነው እርስዎን የሚያገለግለው? የትኛውንስ ነው እርስዎ የሚያገለግሉት?