ነፋስ ያጠረው ካሚዮን

ልንገራችሁ። ነገሩ ረጅም አይደለም፤ ረጅሙ ዳገቱ ነው።

ከአንዲት የቆላ ከተማ ራስጌ አንድ ዳገት አለ። ስሙ ልብ አውልቅ ነው። ስሙን ያወጡለት እግረኞች ናቸው፤ በኋላ መኪኖችም ተስማሙበት። ከዳገቱ ሥር ቲማቲም ይበቅላል። ከዳገቱ ማዶ ቲማቲም የሚበላ ሕዝብ አለ። በመሀል ያሉት ካሚዮኖች ናቸው።

ከካሚዮኖቹ ሁሉ አሮጌው የጋሽ አንዳርጌ ነው። ጋሽ አንዳርጌ ብዙ አይናገርም፤ ካሚዮኑ ግን ብዙ ያጓራል። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ዘይት አይጥልም። አጥንቱም ደንዳና ነው። ያነሰው ትንፋሽ ነው። አዲሶቹ ካሚዮኖች ቱርቦ አላቸው። ቱርቦ ቀንድ አውጣ የመሰለ ብረት ነው፤ የሞተሩ ጭስ ያዞረዋል፣ እሱ ደግሞ ነፋስ ሰብስቦ መልሶ ሞተሩ ውስጥ ይጠቀጥቃል። የጋሽ አንዳርጌ ካሚዮን ይህ ሁሉ ሳይመጣ የተወለደ ነው። ሜዳ ላይ ከጓደኞቹ እኩል ይሄዳል። ልብ አውልቅ ላይ ግን ጠዋት ጀምሮ ሲመሽ ይጨርሳል።

ጋሽ አንዳርጌ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር። ለካሚዮኑ ትንሽ ነፋስ።

አንድ ቀን የተራ አስከባሪው አቶ ቢሻው መጣና ከካሚዮኑ በር ሥር ቆመ።

«ጋሽ አንዳርጌ፣ አይቀየሙኝ። እርስዎ የጫኑት ቲማቲም እላይ ሲደርስ ወጥ ሆኖ ነው። የቀረን ሽንኩርት መክተፍ ብቻ ነው ይላሉ ገዢዎቹ።»

ጋሽ አንዳርጌ የጎን መስተዋቱን በእጅጌው ወለወለ።

«በመጪው ቅዳሜ ገበያ ዳገቱን እንደ ሌላው መኪና ካልወጡ፣ ተራዎትን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

ተራ ማለት እንጀራ ነው። ተራ የሌለው ካሚዮን የዶሮ ማደሪያ ነው።

ጥጋቡ የሚባል ሾፌር፣ አዲስ ካሚዮን የያዘ፣ ክንዱን መስኮቱ ላይ ዘርግቶ ይሰማ ነበር። «አባባ፣ ቆራሌው ዛሬ በዚህ ያልፋል አሉ። እንዳያመልጥዎት።»

«ሲያልፍ ምላስህን ሽጥለት» አለው ጋሽ አንዳርጌ። ከዚያ ወደ ቢሻው ዞረ። «ተራዬን አልለቅም።»

ገባና መሪውን መታ መታ አደረገ። «በል፣ ዳገቱን ውጣ» አለው ካሚዮኑን።

ካሚዮኑ፣ «እስከ ዛሬ እያቃሰትኩ ወጣሁ፤ ከእንግዲህ ቱርቦ ካላገዘኝ አልወጣም» አለ።

ካሚዮን ዳገት አይወጣ፤ ጋሽ አንዳርጌም ተራውን አይለቅ።

አዲስ ቱርቦ የሚገዛበት አቅም የለውም። የተገለበጡ መኪኖችን የሚፈታ ሰው ዘንድ ሄደ። ስኮርታ ጎማውን አውርዶ ሰጠና ያገለገለ ቱርቦ እንደ ሕፃን ታቅፎ ተመለሰ። ከእንግዲህ ኪሱም ባዶ፣ የትርፍ ጎማው ቦታም ባዶ።

ቱርቦውን እድሪስ ዘንድ ወሰደው። እድሪስ መካኒክም ነው፣ ቀጥቃጭም ነው፤ በአንድ እጁ ቁልፍ፣ በአንድ እጁ መዶሻ።

«በል፣ ካሚዮኑን አግዝ» አለው ጋሽ አንዳርጌ ቱርቦውን።

ቱርቦው፣ «አንገት ካልተሠራልኝ አልቀመጥም» አለ።

እድሪስ ለካው፣ ገለበጠው፣ ራሱን ነቀነቀ። «እውነቱን ነው ጋሼ። የሌላ መኪና ልጅ ነው፤ ብሎኑ ከብሎናችን አይገጥምም። ጭሱ ከሚወጣበት እስከ ቱርቦው አፍ የሚያደርስ አንገት ይፈልጋል። ወፍራም ብረት።»

ቱርቦ ካሚዮን አያግዝ፤ ካሚዮን ዳገት አይወጣ፤ ጋሽ አንዳርጌም ተራውን አይለቅ።

ከእድሪስ ጓሮ የሞተ የውኃ ፓምፕ ወፍራም ቱቦ ወድቋል። ጋሽ አንዳርጌ በእግሩ ነካ አደረገው። «አንተ ብረት፣ አንገት ሁን። ቱርቦ ካሚዮን አያግዝ አለ፣ ካሚዮን ዳገት አይወጣ አለ፣ እኔም ተራዬን አልለቅም ብያለሁ።»

ብረቱ፣ «እሳት ካላለሰለሰኝ አልታጠፍም» አለ።

እድሪስ ለወጉ ያህል አንድ ጊዜ በመዶሻ መታው። መዶሻው ነጥሮ ግንባሩን ሊመታው ምንም አልቀረው።

«ሰማሁት» አለ እድሪስ።

ብረት ቱርቦ አያስቀምጥ፤ ቱርቦ ካሚዮን አያግዝ፤ ካሚዮን ዳገት አይወጣ፤ ጋሽ አንዳርጌም ተራውን አይለቅ።

ወደ ምድጃው ዞሩ። እድሪስ ወናፉን ነፋ። ከአመዱ ሥር አንዲት ቀይ ዓይን ተገለጠች።

«እሳት፣ ብረቱን አለስልስ» አለ ጋሽ አንዳርጌ። «ብረት ቱርቦ አያስቀምጥ አለ፣ ቱርቦ ካሚዮን አያግዝ አለ፣ ካሚዮን ዳገት አይወጣ አለ፣ እኔም ተራዬን አልለቅም ብያለሁ።»

እሳቱ፣ «ከሰል ካልበላሁ አልነድም» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

«ከሰል የለህም ወይ?» አለ ጋሽ አንዳርጌ።

«ከየት ይምጣ ጋሼ? የከተማውን ከሰል ነጋዴ ጠራርጎ ጭኖታል። አለ ከተባለ ዳገቱ አናት ላይ ነው፤ እትዬ ዝማም ቤት።»

ጋሽ አንዳርጌ ዱላውን አነሳ።

«በእግርዎ ሊወጡት ነው?»

«እግሬ ቱርቦ አይጠይቅም።»

እሳት ብረት አያለሰልስ፤ ብረት ቱርቦ አያስቀምጥ፤ ቱርቦ ካሚዮን አያግዝ፤ ካሚዮን ዳገት አይወጣ፤ ጋሽ አንዳርጌም ተራውን አይለቅ።

ወጣ። እያረፈ ወጣ፤ ግን ወጣ። ዝማም ደጇ ላይ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ ከሰል የሞላው ጆንያ ተደርድሯል። በዕድሜ እኩያሞች ናቸው፤ በነገርም አይተዛዘኑም።

«ደህና ነሽ ወይ ዝማም?»

«አንተ አንዳርጌ፣ በሕይወት አለህ እንዴ? ካሚዮንህ ዳገቱ ላይ ሲያቃስት ስሰማ አንተ ነህ የመሰለኝ። ተቀመጥ። ውኃ አልሰጥህም፣ የለኝም።»

«ከሰል ፈልጌ ነው።»

«ከሰሉን ራሱን ጠይቀው።»

ጋሽ አንዳርጌ ወደ ጆንያው ዞረ። «ከሰል፣ እሳቱን መግበው። እሳት ብረት አያለሰልስ አለ፣ ብረት ቱርቦ አያስቀምጥ አለ፣ ቱርቦ ካሚዮን አያግዝ አለ፣ ካሚዮን ዳገት አይወጣ አለ፣ እኔም ተራዬን አልለቅም ብያለሁ።»

ከሰሉ፣ «ውኃ ካልመጣ አልወርድም» አለ። ድምፁ የዝማምን ድምፅ ይመስል ነበር፤ ቢሆንም ማን ደፍሮ ይናገራታል።

«ምንጫችን ደርቋል» አለች ዝማም፣ አሁን በራሷ ድምፅ። «በአህያ የሚመጣውን አህያው ራሱ ጠጥቶት ይጨርሰዋል። ለቲማቲም የሚሮጥ ካሚዮን ሁሉ በደጄ ያልፋል። ለምኛቸዋለሁ። ውኃ የሚጭን አንድ የለም፤ ውኃ አያዋጣም ይሉኛል። በርሜል ሙሉ ውኃ ያወጣልኝ ሰው ከሰሉን ይውሰድ።»

ጋሽ አንዳርጌ ዱላውን ይዞ ወረደ።

ከሰል እሳት አይመግብ፤ እሳት ብረት አያለሰልስ፤ ብረት ቱርቦ አያስቀምጥ፤ ቱርቦ ካሚዮን አያግዝ፤ ካሚዮን ዳገት አይወጣ፤ ጋሽ አንዳርጌም ተራውን አይለቅ።

ከከተማው በታች ወንዝ አለ። ሄዶ ዳር ላይ ቆመ። እድሪስም ከኋላው መጣ፤ ሽማግሌው ብቻውን ሲያወራ ሰው እንዳያይበት ብሎ ነው።

«ውኃ፣ ዳገቱን ውጣና ከሰሉን አውርድልኝ። ከሰል እሳት አይመግብ አለ፣ እሳት ብረት አያለሰልስ አለ፣ ብረት ቱርቦ አያስቀምጥ አለ፣ ቱርቦ ካሚዮን አያግዝ አለ፣ ካሚዮን ዳገት አይወጣ አለ፣ እኔም ተራዬን አልለቅም ብያለሁ።»

ውኃው እየሄደ ነው የመለሰው። «እኔ የማውቀው ቁልቁለት ነው። ካሚዮን ካልተሸከመኝ ዳገት አልወጣም።»

«ጋሼ» አለ እድሪስ፣ ቀስ ብሎ። «ተመልሰን እዚያው ገባን እኮ።»

እውነቱን ነው። ካሚዮን ውኃ አይሸከም፤ ውኃ ከሰል አያወርድ፤ ከሰል እሳት አይመግብ፤ እሳት ብረት አያለሰልስ፤ ብረት ቱርቦ አያስቀምጥ፤ ቱርቦ ካሚዮን አያግዝ፤ ካሚዮን ዳገት አይወጣ። ክቡ ተዘጋ። መውጫ ቀዳዳ የለውም።

ጋሽ አንዳርጌ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሳ።

«እምቢ ማለት የምታውቁት እናንተ ብቻ መሰላችሁ» አለ። «እኔም እምቢ ብያለሁ። እድሪስ፣ በርሜል አምጣ።»

ካሚዮኑን ወንዝ ዳር አቆሙ። በርሜሎቹን ሞሉ፣ አሰሩ። ልብ አውልቅ ሥር ሲደርስ ጋሽ አንዳርጌ ወደ ዳገቱ አልገባም። መሪውን ጠመዘዘና የካሚዮኑን ጀርባ ለዳገቱ ሰጠ።

«ቱርቦ ካላገዘኝ አልወጣም ያልከው በፊትህ ነው» አለው። «በጀርባህስ?»

ካሚዮኑ በጀርባው ወጥቶ አያውቅም፤ እዚያ በኩል እምቢታ አላዘጋጀም።

የኋላ ማርሽ ቀርፋፋ ነው፤ ከማርሾቹ ሁሉ ግን ጉልበተኛው እሱ ነው። በየገበያው የሚሠራበት አይደለም። ሞተር ያግላል፣ አንገት ያደርቃል፣ ቀን ይበላል። ለአንድ ቀን ግን ይሆናል። ጋሽ አንዳርጌ በሩን ከፍቶ ወገቡን አዙሮ ተቀመጠ። እድሪስ፣ ካሚዮኑ ቢንሸራተት ከጎማ ሥር የሚጣለውን ታኮ ይዞ ከጎማው አጠገብ ተራመደ። ካሚዮኑም ቂጡን አስቀድሞ ልብ አውልቅን ተያያዘው።

ከተማው ወጥቶ አየ። ሳቁን የሚችል አልነበረም።

መሀል ዳገት ላይ፣ መንገዱ ከሚጠብበት፣ ጥጋቡ በአዲሱ ካሚዮን ቁልቁል መጣና ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ፊት ለፊት ማለት እንግዲህ የጥጋቡ ፊት፣ የጋሽ አንዳርጌ ጀርባ ነው።

«አባባ፣ ካሚዮኑ ቤቱ ጠፍቶበት ነው? አፍንጫው እኮ በዚያ በኩል ነው።»

«አሳልፈኝ።»

«እርስዎ ይውረዱ እንጂ። እኔ አንድ ጊዜ መጥቻለሁ።»

«እኔ ከቆምኩ አልነሳም። ጭነት ይዞ የሚወጣ አይወርድም፤ ሕጉን ታውቃለህ። ተመለስ።»

እግሩን ከነዳጁ ላይ አላነሳም። በርሜሎቹ እየተንቀጠቀጡ ወደ አዲሱ ካሚዮን መብራት ቀረቡ። ጥጋቡ ጡሩምባ ነፋ። በርሜሎቹ ቀረቡ። ጥጋቡ ተሳደበ። በርሜሎቹ ቀረቡ። ጥጋቡ ማርሹን ወደ ኋላ አስገባ። መንገዱ እስኪሰፋም ድረስ አሮጌውና አዲሱ፣ ሁለቱም ቂጣቸውን አስቀድመው ዳገት ወጡ። እታች የነበረው ሕዝብ ሳቁን አቆመ። በየትኛው እንደሚስቅ ጠፋው።

ዝማም ደጇ ላይ ቆማ ይህን አየች።

«አንዳርጌ፣ መኪና ሁሉ በጀርባው መሄድ ጀመረ እንዴ?»

«እኔ ውኃ ይዤ ነው። እሱ አጃቢ ነው።»

ዳገቱ አናት ያለው የአምባው ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ወጣ። ያን ጊዜ ነገሩ ተፈታ። ካሚዮኑ ውኃውን ተሸከመ፤ ውኃው ከሰሉን አወረደ፤ ከሰሉ እሳቱን መገበ፤ እሳቱ ብረቱን አለሰለሰ፤ ብረቱ ቱርቦውን አስቀመጠ። እድሪስ ከአሮጌ የፍሬን ቱቦ ዘይት መሄጃ ሠራለት፤ ቱርቦ ዘይት ካልጠጣ ይቃጠላል። ነፋሱ ሲበዛ ሞተሩ ይርበዋል ብሎም ናፍጣውን በትንሹ ከፈተለት። ከዚያ እጁን ጠረገ።

«በሉ ጋሼ። ከእንግዲህ እምቢ ካለ እኔን ይጥሩኝ።»

ቅዳሜ መጣ። ቲማቲሙ ተጫነ። ጋሽ አንዳርጌ ከቲማቲሙ ኋላ አንድ ውኃ የሞላ በርሜል አቁሞ አሰረ። ቢሻው እየሮጠ መጣ።

«ይሄ ምንድነው ደግሞ?»

«የዝማም ነው።»

«ጋሽ አንዳርጌ፣ ዛሬ እኮ የሚታይበት ቀን ነው። ያውርዱት። ዳገቱ መሀል ቢቆምብዎ እኔ ምን ላደርግ ነው? ቲማቲሙ የሰው ነው።»

«አላወርድም።»

«ተራዎትን በገዛ እጅዎ ሊያጠፉ ነው።»

«ገመዱን አጥብቅልኝ።»

ቢሻው እያጉረመረመ አጠበቀ።

ካሚዮኑ ልብ አውልቅን በፊቱ ገጠመው። ቱርቦው አፏጨ፤ መጀመሪያ ቀጭን፣ ቀጥሎ ወፈር ያለ። ቱርቦው ካሚዮኑን አገዘ፤ ካሚዮኑ ዳገቱን ያዘ። የመጀመሪያው ጥምዝ አለፈ። ሞተሩ አላቃሰተም። መንገዱ ከሚጠብበት ደረሰ። ጋሽ አንዳርጌ እጁን ማርሹ ላይ አሳረፈ። በዚያ ቦታ፣ በዕድሜው ሁሉ፣ ማርሽ ቀንሶ እንጂ ጨምሮ አያውቅም።

ጨመረ።

ፀሐይ አናት ሳትደርስ አምባው ላይ ነበር። ዝማም በርሜሏን ተቀበለች። ገበያው ላይ ቲማቲሙ ሲራገፍ ከሣጥን ሣጥን ሲገለበጥ ሳይፈርጥ ቋ ቋ ይል ነበር። ስልክ ጮኸ፤ ቢሻው ነው።

«ደረሱ አሉኝ። ቲማቲሙም እንዳለ ነው አሉኝ። ተራዎ የራስዎ ነው ጋሽ አንዳርጌ፣ ማንም አይነካውም።»

«እሺ።»

«በርሜሉ ግን ልክ አልነበረም። እሱን ይመኑልኝ።»

«ልክ አልነበረም» አለ ጋሽ አንዳርጌ።

«አልኩዎት እኮ።»

«ለሚቀጥለው ሁለት እጭናለሁ።»

ነገሬ ዳገቱን ጨረሰ። እኔም እዚህ ላይ ወራጅ ነኝ።