ቢጫዎቹ ሲሊንደሮች ሲሞሉ

አንድ ቀን፣ ውባለም ሦስት ዓመት ሙሉ በሆዷ ይዛው የኖረችው ጥያቄ ከሌላ ሰው አፍ ወጣ።

ጥያቄው የመጣው ከግድግዳ ነው። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለች አንዲት ሱቅ ውስጥ ለጠላቂዎች አየር ይሞላል። ጠላቂ ማለት የአየር ሲሊንደር ጀርባው ላይ አዝሎ ውሃ ውስጥ የሚወርድ፣ የሰመጠ ዕቃ የሚያወጣ፣ የውሃ መሳቢያ ቱቦ ላይ የተጠመጠመ እንቦጭ የሚቆርጥ ሰው ነው። የሱቁ ባለቤት አቶ ልዑልሰገድ ይባላሉ። በአካባቢው ሌላ የሚሞላ ስለሌለ አየሩን ራሳቸው የፈጠሩት ይመስላቸዋል። ከሁሉ በላይ የሚወዱት መመሪያ ማውጣት ነው። አሥራ ስድስት መመሪያ አውጥተው፣ የሠራተኛቸው የውባለም የእጅ ጽሑፍ ስለሚያምር በእሷ አስጽፈው ግድግዳው ላይ ለጥፈዋል። ቁጥር አራት እንዲህ ይላል፦ «ባለቤቱ ራሱ የመረመረውን ሲሊንደር አንሞላም።»

ምክንያቱ ክፉ አይደለም። ውስጡ የዛገ ሲሊንደር ሲሞላ ሊፈነዳ ይችላል፤ ከፈነዳ ደግሞ ጣሪያ ከሰው አይለይም። ስለዚህ በየዓመቱ አንገቱ ተፈትቶ፣ ውስጡ በመብራት እየታየ መመርመር አለበት። ሰው የራሱን ንብረት ሲመረምር ደግሞ ዐይኑ ይለሰልሳል። እስከዚህ ድረስ ውባለምም ትስማማለች። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተምራለች። አየሩን ጨምቆ የሚሞላውን ማሽን፣ የኮምፕሬሰሩን መመሪያ መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ ሁለት ጊዜ አንብባ ጨርሳዋለች። ስለ ዝገት ከአሠሪዋ በላይ ታውቃለች። የማትችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የምታውቀውን ጮክ ብሎ መናገር።

ከመመሪያው ሥር ስድስት ቢጫ ሲሊንደሮች ተደርድረዋል። የሱቁ ናቸው፤ ይከራያሉ። መርማሪያቸው አቶ ልዑልሰገድ ራሳቸው ናቸው። ምርመራው ረጅም አይደለም። በትልቁ የወርቅ ቀለበታቸው ሲሊንደሩን እንደ ሐብሐብ ኳ ኳ ያደርጉታል፣ ጆሯቸውን ይሰጣሉ፣ «ጤነኛ ነው!» ይላሉ፣ ይፈርማሉ።

እንግዲህ የውባለም ጥያቄ ይህ ነበር፦ ቁጥር አራት የሱቁን ባለቤት ይጨምራል ወይስ አይጨምርም?

ጥያቄው ለእሷ የፍልስፍና አይደለም። ሲሊንደሮቹ ሲሞሉ አጠገባቸው የምትቆመው እሷ ናት። ደግሞም አንድ ነገር አስተውላለች። የደንበኛ ሲሊንደር ሲሞላ አቶ ልዑልሰገድ ትከሻዋ ላይ ቆመው «ቀስ! ቀስ!» ይላሉ። ቢጫዎቹ የሚሞሉ ቀን ግን አስፋልቱን ተሻግረው ማዶ ካለው ጭማቂ ቤት ይገቡና ስፕሪስ ያዛሉ። ኮምፕሬሰሩ ጸጥ ሲል ብቻ አፋቸውን እየጠረጉ ይመለሳሉ።

በዚያን ቀን ጠዋት እንዳላማው ሁለት ሲሊንደሮቹን እንደ መንታ ልጆች በሁለት ብብቱ ይዞ ገባ። እንዳላማው ጅቡቲ ወደብ አሥራ አንድ ዓመት የመርከብ ሆድ ሲፈትግ የኖረ ጠላቂ ነው። ሲሊንደር መመርመርም እዚያው ተምሮ የምስክር ወረቀት አለው።

«እንደምን አደሩ፣ አቶ ልዑልሰገድ! ቶሎ ይሙሉልኝ። የጀልባዬ ሞተር ትናንት ከነብሎኑ ተነቅሎ ሐይቅ ገብቷል። ቦታውን ጄሪካን አስሬ ምልክት አድርጌበታለሁ። ከሰዓት ነፋስ ከተነሣ ጄሪካኑ ይሄዳል፣ ሞተሩን ደለል ይቀብረዋል። ከዚያ በኋላ እኔ ያለኝ ጀልባ አይደለም፣ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ነው።»

አቶ ልዑልሰገድ መነጽራቸውን አውርደው ሲሊንደሩ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት አነበቡ።

«ባለቤት፦ እንዳላማው። መርማሪ፦ እንዳላማው።» ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ቀሰሩ። «ቁጥር አራት!»

«የሌላ ሰው ሲሊንደር መርምሬ ባመጣልዎት ይሞላሉ?»

«እሞላለሁ። የተማርክ ሰው ነህ።»

«የእኔንስ?»

«አልሞላም።»

«ዐይኔ እኮ ያው ነው!»

«ዐይንህ ያው ነው፤ ልብህ ግን ያደላል። አባት የልጁን ፈተና ቢያርም ታምነዋለህ?»

«አባትየው የልጁን የፈተና ወረቀት ጀርባው ላይ አስሮ ሐይቅ የሚወርድ ከሆነ፣ አዎ፣ አምነዋለሁ።»

ውባለም ሳቋን በያዘችው መጽሐፍ ሸፈነች። እንዳላማው ግን አይቷት ኖሮ ወደ እሷ ዞረ።

«እህቴ፣ ስምሽ ማን ነው?»

«ውባለም» አለች፣ ለመጽሐፉ።

«ውባለም፣ እነዚህን ሁለት ሲሊንደሮች በስጦታ ሰጥቼሻለሁ። በቃ፤ አቶ ልዑልሰገድ፣ አሁን ባለቤታቸው እሷ ናት፣ መርማሪያቸው እኔ። ይሙሉ!»

«ቁጥር አሥራ አንድ!» አሉ አቶ ልዑልሰገድ፣ ወደ ግድግዳው ሳይዞሩ። «ሠራተኛ ከደንበኛ ስጦታ አይቀበልም።»

«ይሄንንም አስበውበታል!»

«ያላሰብኩበት ነገር የለም። ወይ ሳምንት ትተህልኝ ሂድ፣ እኔ ራሴ እመረምርልሃለሁ። ወይ ደግሞ ከቢጫዎቹ ሁለት ተከራይ፤ አሁኑኑ ይሞሉልሃል።»

እንዳላማው በመስኮት ወደ ሐይቁ አየ። ውሃው ገና እንደተኛ ነው፤ ለስንት ሰዓት እንደሚተኛ ግን ማንም አያውቅም። ወደ ቢጫዎቹ ሄደና ጎንበስ ብሎ ወረቀታቸውን አነበበ።

«ባለቤት፦ ልዑልሰገድ። መርማሪ፦ ልዑልሰገድ።» ቀና አለ። ግድግዳውን አየ፣ ሰውየውን አየ፣ እንደገና ግድግዳውን አየ። «አቶ ልዑልሰገድ፣ ቁጥር አራት እርስዎን ይጨምራል?»

የውባለም መጽሐፍ ከእጇ ወደቀ። ሦስት ዓመት እሷን ያሳበጣት ነገር፣ እንደዚህ፣ በአንድ ትንፋሽ!

«እኔ ድርጅት ነኝ!» አሉ አቶ ልዑልሰገድ ደረታቸውን ነፍተው። «መመሪያው ለግለሰብ ነው። ግለሰብ ራሱን ያታልላል፤ ድርጅት ራሱን አያታልልም።»

«ድርጅቱ በምን ነው የሚመረምረው?»

«በልምድ!» አሉና በቀለበታቸው ቢጫውን ኳ ኳ አደረጉት። «ሰማህ? ጤነኛ ነው!»

«ሰማሁ። ግቡ አላለንም እንጂ በሩን በደንብ አንኳኩተዋል» አለ እንዳላማው። «እሺ፣ እከራያለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ሲሞላ አጠገቡ እርስዎ ይቁሙልኝ። እሷ ትረፍ።»

አቶ ልዑልሰገድ ሰዓታቸውን አዩ።

«አሁን… ቀጠሮ አለኝ።»

«የት?»

«እዚሁ ማዶ።»

«ጭማቂ ቤት?»

እንዳላማው ሁለቱን ሲሊንደሮቹን ከመሬት አነሣና ደረቱ ላይ አቀፋቸው።

«አቶ ልዑልሰገድ፣ እኔ ሦስት ጊዜ ጭማቂ ቤት አግኝቼዎታለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ይሄ ኮምፕሬሰር እየጮኸ ነበር። እኔ የራሴን መርምሬ፣ ሲሞላ እንዲህ አቅፌው እቆማለሁ። እርስዎ የራስዎን መርምረው፣ ሲሞላ አስፋልት ተሻግረው ስፕሪስ ያዛሉ። እስቲ እግዜር ያሳይዎት፤ ከሁለታችን የማንን ፊርማ ነው እርስዎ ራስዎ የሚያምኑት?»

አቶ ልዑልሰገድ አሥራ ስድስቱን መመሪያ ከላይ እስከ ታች ተመለከቱ። ለዚህ የሚሆን አላገኙም።

«ሙይለት» አሉ በመጨረሻ፣ ወደ በሩ እየሄዱ። «ግን አላየሁም!»

«ከማዶ እንዴት ያያሉ!» አለ እንዳላማው።

ውባለም ወረቀቱን አነበበች፣ የሲሊንደሩን አንገት በእጅ ባትሪ አየች፣ ቱቦውን አሰረች። ኮምፕሬሰሩ ማጓራት ጀመረ። እንዳላማው እንዳለው ሲሊንደሩን አቅፎ ቆመ፤ ፉጨትም ያፏጭ ነበር። ሁለቱም በሰላም ሞሉ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለ።

«እህቴ፣ እኔ የራሴን አቅፌ ነው የቆምኩት። አንቺ ግን የማንን ነው አቅፈሽ የምትቆሚው?»

መልስ ሳይጠብቅ ሄደ።

ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ነፋሱ ተነሣ። ከዚያ በፊት ግን ውባለም ከመስኮቱ ሆና የእንዳላማውን ጀልባ አይታለች። በመቅዘፊያ እየተገፋች መጣች፤ ሞተሩ መሐሏ ላይ፣ ከነጭቃው፣ እንደ ተያዘ ዓሣ ተጋድሟል።

አቶ ልዑልሰገድ ስለ ጠዋቱ አንድም ቃል አልተናገሩም። ለነገ እንግዶች እንደሚመጡ ብቻ ነገሯት።

«ስድስቱንም ቢጫዎች ሙያቸው፣ ልጄ። እኔ አንዴ ማዶ ደርሼ መጣሁ።»

ወጡ። ውባለም ቱቦውን አነሣች። የመጀመሪያውን ቢጫ ሲሊንደር አየችው። በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው፤ ምንም አልነገራት። አንገቱን መፍታት ትችል ነበር፣ ግን ቁጥር ሰባት «የሱቁን ሲሊንደር ከባለቤቱ በቀር ማንም አይፈታም» ይላል፤ ራሷ ናት የጻፈችው፣ በሚያምር ጽሕፈት።

ቱቦውን ቦታው ላይ ሰቀለችው። የኮምፕሬሰሩን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለች። መጽሐፏን ብብቷ ሥር አድርጋ፣ ግራ ቀኝ አይታ፣ አስፋልቱን ተሻገረች።

አቶ ልዑልሰገድ የስፕሪሱን የአቮካዶ ክፍል ጨርሰው ማንጎው ላይ ደርሰው ነበር። ከፊት ለፊታቸው ወንበር ስትስብ ማንኪያው አፋቸው ውስጥ ቀረ።

«ውባለም? ምነው? የኮምፕሬሰሩ ድምፅ የለም እኮ!»

«የለም፣ ጋሼ።» ተቀመጠች።

«ታዲያ ቢጫዎቹን ማን ሊሞላቸው ነው?»

«‹ጤነኛ ናቸው› ያለው ሰው» አለችና ወደ አስተናጋጁ ዞረች። «ለእኔም ስፕሪስ። ሎሚ ይብዛበት። ቀስ ብለህ ሥራው፤ አልቸኩልም።»