የድልድዩ እፍኝ

አንድ ሰው ነበረ። ሀብታም ነበረ፤ ቤቱ ከወንዙ ወዲህ፣ ሰፊው ማሳው ግን ከወንዙ ማዶ።

እትዬ የሻረግ፣ እኔ የሒሳብ ሠራተኛዎ ጥያቄዎን አልሸሸሁም። «ከሠራተኞቹ ደመወዝ የቆረጥነውን ግብር ለዚህ ወር ሲሚንቶ ብንገዛበት ምን አለበት? ደግሞስ የማዶው ቅርንጫፍ ሠራተኞች ግብር እዚሁ እኛ ከተማ ቢገባ ምን ልዩነት አለው?» ብለውኛል። «አይሆንም» ብቻ ብልዎ «ለምን?» ይሉኛል። ስለዚህ ከለምኑ ልጀምርልዎ።

ወንዙ ገደል ውስጥ የሚሄድ፣ በበጋም የማይደርቅ ነበር። መሻገሪያው አንድ የእንጨት ድልድይ ነው። በወንዙ መሐል ትልቅ ዐለት ስላለ ድልድዩ እዚያ ላይ ያርፋል። ከዐለቱ ወዲህ ያለውን የወዲህ መንደር ይጠግናል፤ ከዐለቱ ወዲያ ያለውን የማዶው መንደር። አንዱ የሌላውን ግማሽ አይነካም፤ ሥርዐታቸው እንደዚያ ነበር።

ግንድና ጠፍር ደግሞ በባዶ እጅ አይገኝም። ስለዚህ አጫጅ የቀጠረ ሰው፣ የአጫጁን ደመወዝ በቁና ሲሰፍርለት ከላዩ አንድ እፍኝ ይዘግናል። ከራሱም አንድ እፍኝ ይጨምርበታል። ሁለቱንም አጫጁ ለሠራበት መንደር ድልድይ ጠባቂ ያስረክባል። ልብ ይበሉልኝ፦ ቀጣሪው ለሚያድርበት መንደር አይደለም፤ ላቡ ለፈሰሰበት መንደር ነው። አጫጁ እፍኙ ሲነሣበት አያጉረመርምም ነበር ብዬ አልዋሽዎትም። ያጉረመርማል። ግን የገበያ ዕለት አህያውን እየነዳ በዚያው ድልድይ ያልፋል፤ ሲያልፍ ዝም ይላል።

ሀብታሙ ሰው መዝገኑን አልረሳም። እሱን ማንም አይረሳም። የረሳው ማስረከቡን ነው። አንድ ዓመት ዘር አነሰውና «ለጊዜው ነው» ብሎ የማዶዎቹን እፍኝ ከራሱ ጎተራ ቀላቀለው። በሚቀጥለው ዓመት በቅሎው ከሳችበት፤ አሁንም «ለጊዜው ነው» አለ። ጎተራ የገባ እህል የማን እንደነበር አይናገርም። ኅሊናው ቆርቆር ሲያደርገው ለገዛ መንደሩ ድልድይ ጠባቂ ጥቂት ጨመር አድርጎ ይሰጣል፤ መንደሩም «ቸር ሰው!» እያለ ይመርቀዋል። የማዶው ጠባቂ መጥቶ ድርሻውን ሲጠይቀው፣

«ቤቴ የት ነው?» አለው።

«ወዲህ ነዋ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያ እፍኜም ወዲህ ነው። ሂድ በል።»

«እፍኜ» አለ፣ ይስሙልኝ! ከሰው ቁና ላይ የዘገነውን!

ከዐለቱ ወዲህ ያለው ግማሽ አዲስ ግንድ ገባለት፣ መደገፊያም ተሠራለት። ከዐለቱ ወዲያ ያለውን ግን ምስጥ በላው፣ ጠፍሩም ላላ፤ በአንዱ ክረምት ደራሽ ውሃ መጣና ጠርጎት ሄደ። በወንዙ ላይ ግማሽ ድልድይ ቀረ። ግን እንዴት ያለ ያማረ ግማሽ! ሰው እስከ ዐለቱ ተዝናንቶ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ በገመድ ተንጠልጥሎ ነው። አህያና በቅሎ ደግሞ በገመድ አይንጠለጠሉም።

መከር ደረሰ። የማዶው ጤፍ ለአጨዳ ደርሶ ሳለ ሰማዩ ያለ ወቅቱ ዳመና ቋጠረ። የደረሰ ጤፍ ዝናብ ከቀደመው መሬት ላይ ይተኛል፤ የዓመት ድካም እዚያው ይበሰብሳል። ሀብታሙ በገመዱ ተንጠልጥሎ ማሳው ደረሰ። አጫጆቹ ማጭዳቸውን ይዘው መጥተዋል፤ ግን ከማሳው ዳር ተቀምጠዋል።

በዚያ አገር ያለ ዘፈን አይታጨድም። አውራጁ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ማጭዱ ዜማውን ይከተላል። ሀብታሙ አውራጁ ላይ ጮኸበት።

«አንተ፣ ምን ይጎልትሃል? ሰማዩን አታይም? አውጣ እንጂ!»

አውራጁ ተነሣ። ማጭዱን ትከሻው ላይ ሰቀለና አወጣ፦

በእኛ ስም ዘግኖ፣ ጎተራው ውስጥ ከቶ፣
በምን ይሻገራል፣ ድልድዩን በልቶ?

አጫጆቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ተቀበሉት። አንድም ማጭድ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«ደመወዛችሁን እጥፍ አደርገዋለሁ!» አለ ሀብታሙ።

«ደመወዛችን አልጎደለም፣ ጌታው» አለው አውራጁ። «ሰጥተውናል፤ እግዜር ይስጥልን። እኛ የምንጠይቅዎ በስማችን ዘግነው ያላደረሱትን ነው።»

«ለዘር አዋልኩታ! አሁን ከየት ላምጣው?»

«እኛማ እንዲያደርሱት እንጂ እንዲዘሩት አልሰጠንዎትም። እርስዎ ተሸካሚ ነበሩ።»

«እንግዲያው ከመንደሬ አጫጅ አስመጣለሁ!»

«ያስመጡ! እንደርስዎ በገመድ ይንጠልጠሉ። ነዶውንስ በምን ሊያሻግሩት ነው፣ በጀርባዎ አዝለው?»

ሳቁበት። ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ለመጠለል የተነሣ አንድም ሰው የለም፤ ከፊታቸው ላይ ውሃውን እየጠረጉ ያዩታል። ሀብታሙ ሰማዩን አየ፣ ጤፉን አየ፣ እነሱን አየ። ከዚያ ወደ ወንዙ ዳር ሮጠና ከወንዙ ባሻገር ወዳለው ቤቱ ተጣራ፤ «ጎተራውን ክፈቱ! የሰዎቹን አውጡ!»

ስንት? እሱም አያውቀውም፤ ቀላቅሎታል። የማዶ ሽማግሌዎች ለዘገየበት ጭምር ገመቱበት። በእፍኝ የተወሰደው በጫን ተመለሰ፤ ያውም በሰው ጫንቃ፣ በገመድ ላይ። እህሉ ከድልድይ ጠባቂው እጅ ሲገባ ነው አውራጁ ማጭዱን ከትከሻው ያወረደው። እስከዚያ የጤፉ እኩሌታ ተኝቶ ነበር።

እንግዲህ እትዬ የሻረግ፣ አጫጆቹ ሠራተኞችዎ ናቸው። ከደመወዛቸው የምንቆርጠው ግብርና ጡረታ የእነሱ እፍኝ ነው፤ እርስዎ ለጡረታቸው ከራስዎ የሚጨምሩት ደግሞ ሁለተኛው እፍኝ። ብሩ በእርስዎ ሒሳብ ስላደረ የእርስዎ አልሆነም። እዚህ ብሎኬት የሚመቱት ግብራቸው ለዚህ ክልል፣ ማዶ በከፈቱት ቅርንጫፍ የሚመቱት ደግሞ ለዚያኛው ክልል ነው፤ መንገዱ የሚጠገነው፣ ጤና ጣቢያው የሚቆመው በሚሠሩበት ቦታ ነው። ጡረታው ደግሞ ለብቻው ለጡረታ መሥሪያ ቤቱ ነው የሚገባው። «የዚያን ክልል ቢሮ በቅጡ አላውቀውም» ካሉኝ ሄዶ መጠየቅ ነው። ለማይገባው ሰጥቶ መመረቅ መክፈል አይደለም።

«ሁሉም ሰው ያደርገዋል» ብለውኛል። ያድርገው! እኔ የእርስዎን ሠራተኞች የደመወዝ ሒሳብ ነው የምሠራው፣ የሁሉንም ሰው አይደለም። ለሲሚንቶው ከነጋዴ ነጋዴ እየዞርኩ ዱቤ እለምንልዎታለሁ፤ ቢሰድቡኝም እለምናለሁ። ይህን ብር ግን ሲሚንቶ ግዛበት ቢሉኝ አልገዛበትም፤ ቢያባርሩኝም አልገዛበትም። በእኔ ቦታ የሚመጣው ሰውም ቆራጩ እርስዎ እንጂ ባለቤቱ እርስዎ እንዳልሆኑ ካልነገረዎ ያታልልዎታል።

አሁን ይነሡና መታወቂያዎን ይያዙ፤ የማዶው ቢሮ ሳይዘጋ እንድረስ።