የአንጓች ቅቤ

ሰው አፉ ስለለመደው ዝም ብሎ ይለዋል እንጂ፣ በመጨረሻ የምትሰሙት አባባል ያለ ነገር አልተወለደም። እኔ እንደ ሰማሁት፣ መነሻው አዴት አጠገብ የነበረች የአንዲት ልጅ አናት ነው።

ልጅቱ አንጓች ትባላለች። ሠርጓ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጦ ነበር። ታዲያ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል የሙሽራው እኅት ፈንታነሽ ጠበል ጠዲቅ ላይ አገኘቻትና፣

«ይቺ የሳሳች ፀጉር ለሹሩባ ምኗ ይያዛል? ጥፍርሽስ እንደ ሽንኩርት የሚላጠው ምን ነክቶት ነው?» ብላ በሰው ፊት ሳቀችባት።

አንጓች በልቧ ቆረጠች፦ ለሠርጌ አሳድገዋለሁ!

እናቷ ስለሞተች ማጀቱ በእጇ ነበር። የአባቷን ድርሻ ትታ፣ ለጾም ያስቀመጠችውን የራሷን ምስርና ተልባ ተሸክማ ገበያ ወጣች፤ አንድም ሳታስቀር በቅቤ ለወጠችው። «በጾም አይበላም እንጂ አይቀባም ያለ የለም» አለች። እውነቷን ነው፤ እግዜርም በዚህ አይቀየማትም። ጥፋቷ ወዲህ ነው። እሷ ደረቅ እንጀራ በበርበሬ ትቆረጥማለች፤ ከአናቷ ቅቤ ይንጠባጠባል።

በጾሙ እኩሌታ ወደ ሹሩባ ሠሪዋ ወደ እትዬ ዝማም ሄደች። ሴትዮዋ ሚዶውን ገና ሲያስገቡት ፀጉሩ ተነቅሎ ተከተላቸው።

«ወይ ጉዴ! አንቺ ልጅ፣ ትናንት ምን በላሽ?»

«እንጀራ በበርበሬ።»

«ከትናንት ወዲያስ?»

«እሱኑ።»

«ምስርሽስ? ተልባሽስ?»

አንጓች በጣቷ ወደ አናቷ ጠቆመች።

«አዬ ልጄ! ማሳውን ትተሽ ጣራውን ስታጠጪ ከረምሽ!»

ልጅቱ እንባዋ መጣ። «ለሠርጌ አይደርስልኝም ማለት ነው?»

«አልዋሽሽም፣ አይደርስም። ፀጉር ጎመን አይደለም፣ በወር አይቀነጠስም። ከበላሽ ግን ለመስቀል ይደርሳል።»

አንጓች እንባዋን ጠረገች። «እንግዲያው ለመስቀል ይሁን» አለችና የተረፋትን ቅቤ ገበያ መልሳ በምስር ለወጠችው። ጾሙን በምስር፣ በጎመንና በተልባ ጨረሰች፤ ሲፈታም እንቁላሉንና እርጎውን አልናቀችም። በሠርጓ ቀን አናቷን በነጭ ሻሽ ጠቅልላ ወጣች። ፈንታነሽ በመዳፏ አፏን ሸፍና ሳቀች። አንጓች አየቻት፤ ቻለችው። ባሏ ቤት እንደ ገባች መጀመሪያ የሠራችው ሥራ ጓሮውን ቆፍሮ ጎመን መትከል ነበር።

ለመስቀል እትዬ ዝማም መጥተው ሻሹን ሲፈቱት ፀጉሩ እጃቸውን ሞላው። ጥፍሮቿም ጠንክረው ነበር። ስምንተኛውን ሹሩባ ሲቋጩ ፈንታነሽ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛ ገባች፤ በዚያ ሰሞን የእሷም ፀጉር መነቃቀል ጀምሮ ነበር።

«እኅቴ፣ የዚያን ጊዜውን አፌን ይቅር በይኝና፣ ምን ዓይነት ቅቤ ነው የተቀባሽው?»

አንጓች ተነሥታ ምስር ወጥ በእንጀራ አቀረበችላት። «ይኸውልሽ።»

ፈንታነሽ ግራ ገባት። «ይኼ ደግሞ እንዴት ይቀባል?»

እትዬ ዝማም ሚዶውን እንደ ያዙ ከት ብለው ሳቁና፣ «ጉረሺ ልጄ፤ ሆድ ያልቀመሰውን አናት አያበቅለውም!» አሏት።